አሥር ሰከንድ ዝም ያለ ማሽን

እናቴን ልዋሻት ተስማምቼ ነበር። ከዚህ ልጀምር፤ አለበለዚያ ስለ ማሽንና ስለ ሽቦ እያወራሁ ዋናውን ነገር ዘልዬ እንደማልፈው ራሴን አውቀዋለሁ። ውሸቱም ቀላል አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ፈንታሁን ሞቷል ልላት ነበር። መሞቱን ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው አናውቅም።

ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው። እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ፣ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ፣ የክሊኒኮችን የራጅ ፎቶ በኮምፒውተር የሚያስቀምጥ ትንሽ ኩባንያ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራህ ምንድን ነው ስባል «ማሽን ሲሞት ሥራው እንዳይሞት ማድረግ» እላለሁ። ዲስክ ይቃጠላል፣ ገመድ ይላላል፣ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ይሳሳታል። ስለዚህ አንድን ፎቶ ሦስት ማሽን ላይ እናስቀምጠዋለን። እናቴ የቤቷን ቁልፍ ለሦስት ጎረቤት ሰጥታ ገበያ እንደምትወጣው ማለት ነው፤ አንዷ ባትኖር ሌላዋ አትጠፋም።

ማሽኖቹ ደህና መሆናቸውን የሚከታተል ጠባቂ ፕሮግራም አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ በየሰከንዱ አንዲት አጭር መልእክት ይልክለታል፤ ስሟንም በላቲን ፊደል «አለሁ» ብዬ አወጣሁላት። ጓደኞቼ ትርጉሙን ካወቁ በኋላ ወደዷት፤ ከሩሲያ የመጣው ቦሪስ ጠዋት ቢሮ ሲገባ በሰላምታ ፈንታ «አሌኹ» ይለኝ ጀመር። ማሽኑ አሥር ሰከንድ «አለሁ» ካላለ ጠባቂው «ሞቷል» ብሎ ይመዘግበዋል። ሥራውን ለሌሎቹ ያካፍላል፤ የያዛቸውን ፎቶዎችም ከቀሩት ቅጂዎች እንደገና ይገለብጣል። የሞተው ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ባዶውን ይገባል። ያቺን የመጨረሻዋን ሕግም እኔው ነኝ የጻፍኳት። ሞቶ የተመለሰ የያዘው ነገር ያረጀ ነው፣ አይታመንም አልኩ። አለቃችን ጊላድ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

አሁን ወደ ወንድሜ። በግንቦት ሰማንያ ሦስት አዲስ አበባ ቤት ተከራይተን ወደ እስራኤል የምንሄድበትን ተራ ስንጠብቅ፣ ፈንታሁን እጮኛዬን ላምጣ ብሎ ወደ ጎንደር፣ ወገራ አገራችን ወጣ። እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ ስድስት ነበርኩ። በሄደ በሳምንቱ ድንገት ተነሡ ተባለ። እናቴ «ልጄ ሳይመጣ አልሳፈርም» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ታላቅ ወንድሟ አያ ታከለ በብብቷ ይዞ አስነሣት። «ይደርስብናል፣ ግድ የለሽም» አላት። በማግሥቱ እስራኤል ነበርን። ፈንታሁን አዲስ አበባ ተመልሶ ቤቱን ባዶ አገኘው። እጮኛውም ለካ ሌላ አግብታ ኖሯል።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፣ ፎርም ተሞላ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ሄዱ። በሰባተኛው ዓመት እዚሁ ኔታንያ፣ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር ያለው ቤታችን ስልክ ደወለ። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ፈንታሁን ነበር፤ ድምፁን ግን አላወቅኩትም፤ ለእናቴ ሰጠኋት። ሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ልወርድ ነው አላት። «ስመለስ በዚሁ ቁጥር እደውላለሁ። ቁጥሩን እንዳትቀይሩት።» ያን ዓመት ድንበሩ ላይ ጦርነት ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

ቁጥሩ አልተቀየረም። እናቴ ሞባይል ተገዝቶላት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ግድግዳው አጠገብ ያለውን ያረጀ ስልክ ግን በየቀኑ ጠዋት አንሥታ ድምፅ እንዳለው ታዳምጣለች። ሰው ሲደውልላት ሁለት ደቂቃ አታወራም፤ «ይብቃን እቴ፣ መስመሩ ተያዘ» ብላ ትዘጋዋለች። በዚህ የተቀየሟት ዘመዶች ብዙ ናቸው። ምድር ቤት ያለ፣ ለጉልበቷ የሚስማማ ሌላ ቤት ተገኝቶላት ነበር፤ ቁጥሩ አብሮሽ ላይዛወር ይችላል ሲሏት ነገሩ እዚያው ቀረ። ያንን ሦስት ፎቅ ደረጃ እያነከሰች ትወጣለች።

አንድ ዓርብ ጠዋት አያ ታከለ ከሐዴራ በአውቶቡስ መጥቶ ገበያ ውስጥ ቀጠረኝ። እናቴ ቤት አለመቅጠሩ ነገር እንዳለ አስታውቆኛል። ሽንኩርት የሚመርጥ መስሎ ቆመ።

«እናትህ ሰባ ልትሞላ ነው» አለኝ። «አሥራ ሰባት ዓመት ስልክ ስር ተቀመጠች። ቁርጧን ሳታውቅ ትሙት?»

«እኛስ ቁርጡን መቼ አወቅን አያ?»

«በሕይወት ያለ ልጅ እናቱን አሥራ ሰባት ዓመት ዝም አይልም። ልጅ አይዶለህም፣ ታውቀዋለህ።»

«እንግዲያ እናንተ ንገሯት።»

«እኛን መች ታምነናለች። እርምሽን አውጭ ባልናት ቁጥር አባራናለች። ሬሳ ሳታይ የምታለቅሰው የምታምነው ሰው ሲመሰክርላት ነው። አንተን ታምናለች።» ሽንኩርቱን አስቀመጠው። «በኮምፒውተር ፈልጌ የቀበረውን ሰው አገኘሁት በላት።»

ትስቁ ይሆናል። እናቴ ግን ኮምፒውተር የማይዋሽ ነገር ይመስላታል፤ ልጇ ደግሞ የኮምፒውተር አዋቂ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ያሰበው ይህንን ነው። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ፣ ተሰብስበው መርዶውን ሊያረዷት፣ እኔ ደግሞ ከፊት ሆኜ ልመሰክር ተቆረጠ። ሰባት ቀን ታለቅሳለች፣ ከዚያ ታርፋለች፣ ቤቱንም ትለቃለች።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ሳስበው እስካሁን ያመኛል። ደክሞኝ ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቷ ሲበራ፣ ሌላ ሰው ሲሆን ሲጠፋ ማየት ሰልችቶኝ ነበር። ደግሞም ወንድሜን በደንብ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ትከሻው ላይ ተቀምጬ ጆሮዎቹን መያዜን ብቻ ነው። ራሴንም በሥራዬ ቋንቋ አሳመንኩት፤ እኔ ለአንድ ማሽን የምሰጠው አሥር ሰከንድ ነው፣ ለእሱ አሥራ ሰባት ዓመት ተሰጥቶታል አልኩ።

ማክሰኞ ሻራብ ነበር፤ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ሰማዩን አቧራ አልብሶት ዋለ። ምሳ ሰዓት ላይ የማሽኖቹ ክፍል ማዝጋን፣ ማለትም ማቀዝቀዣው፣ ቀጥ አለ። ጠጋኝ ጠራን፤ ከተማው ሁሉ ስለጠራው በሰዓታት ውስጥ አልመጣም።

ማሽን ሲሞቅ ወዲያው አይሞትም። እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ሥራውን ያዘገያል። መጀመሪያ ስድስት ቁጥር ማሽን ዘገየ፤ «አለሁ» የምትለው መልእክቱ በአሥራ ሁለተኛው ሰከንድ ደረሰች። ጠባቂው ግን በአሥረኛው «ሞቷል» ብሎ ጨርሷል። ሥራውን ለጎረቤቶቹ አከፋፈለው፤ ፎቶዎቹንም ግልበጣ አስጀመረ። ጎረቤቶቹ በራሳቸው ሙቀት ላይ የሰው ሸክም ተጨመረባቸው። እነሱም ዘገዩ፤ እነሱም «ሞቱ»። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የክፍሉ ሲሶ በሕይወት እያለ ሙት ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር እየጨመረ ሲሄድ አያለሁ፤ የሚገድላቸው ሙቀቱ ሳይሆን የእኔ ፕሮግራም መሆኑን ለመረዳት ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

በዚህ መሐል አንድ ዲስክ የምር ተቃጠለ። ቦሪስ ዝርዝሩን አየና ወንበሩን ወደ እኔ ጎተተ። ስልሳ ያለፈው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«የአንዱ ክሊኒክ የሳንባ ፎቶዎች» አለኝ በዕብራይስጥ። «አንደኛው ቅጂ የተቃጠለው ዲስክ ላይ ነበር።»

«ሁለተኛውስ?»

«ዘጠኝ ቁጥር ላይ። ዘጠኝ ቁጥር ሞተ ተብሎ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ተመለሰ።»

«ተመለሰ? ታዲያ ምን ችግር አለ?»

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። ያኔ ገባኝ። ተመልሷል፤ በሕጌ መሠረትም ተጠርጎ ባዶውን ገብቷል።

«ሦስተኛው አሥራ አራት ቁጥር ላይ ነው» አለ ቦሪስ። «እሱም ሞቷል ተብሏል። እስካሁን ድምፁ የለም።»

ጊላድ ከኋላችን ቆሞ ይሰማ ነበር። «አሥራ አራትን አጥፉና አስነሡት» አለ። «ሌላ ምን ትጠብቃላችሁ? ሞቷል እኮ።»

«ብናስነሣው ይመለሳል» አልኩ። «ሲመለስ ጠባቂው ይጠርገዋል። ከዚያ በኋላ የትም የለም።»

ከስክሪኑ ወዲያ ያሉት ሰዎች የታመሙ ሰዎች ናቸው። ሐኪማቸው የዘንድሮውን ፎቶ ከአምናው ጋር ሊያስተያይ ሲፈልግ አምና የለም ሊባሉ ነው። ቦሪስ ጠባቂውን አስቆመው። እኔ ጥረጋ የምትለዋን ትእዛዝ ከፕሮግራሙ ቆርጬ አወጣሁ። ከዚያ በሩን ከፈትን፤ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ፣ ከሒሳብ ክፍል፣ ከጎረቤት ቢሮ ሳይቀር ማራገቢያ ለቅመን አሥራ አራት ቁጥር ፊት ደረደርን። ማሽኑ ላይ ትንሿ አረንጓዴ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ ትላለች። ሌላ ምልክት የለም።

ወለሉ ላይ ተቀምጠን ላፕቶፑን መሐላችን አስቀመጥን። ጊላድ ይመጣል፣ «አሁንም?» ይላል፣ ይሄዳል። በሦስተኛው ይመስለኛል፣ «ቦሪስ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ይመለሳል?» አለው።

«አላውቅም» አለ ቦሪስ። «ከዚህ ሆነህ ብታየው የሞተና የዘገየ አንድ ናቸው። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ለይቼ አውቃለሁ የሚልህ ሰው ይዋሽሃል።»

ይህን ያለው ለጊላድ ነው። የሰማሁት ግን እኔ ነኝ። ነገ ሊነጋ ሲል እናቴ ፊት ቆሜ የምናገረው ነገር አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፤ የቀባሪውን ስም እንኳ ፈጥሬለታለሁ።

ፀሐይ በመስኮቱ ዝቅ ስትል ላፕቶፑ ላይ አንዲት መስመር ወጣች። አሥራ አራት፦ አለሁ። ሌላ መስመር። አለሁ። ከዚያ ዝም አለ፤ ስምንት ሰከንድ፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። በእኔ ሕግ ሁለት ጊዜ ሞቷል። አለሁ አለ። ቦሪስ ፎቶዎቹን ወደ ቀዝቃዛ ማሽን መገልበጥ ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ። አንድም አልጎደለም።

ጊላድ ውኃ ይዞልን መጣ። «ያቺን የጥረጋ ሕግ ማን ነው የጻፋት?» አለ፤ ተቆጥቶ ሳይሆን ሊያውቅ ፈልጎ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ተመልሶ የሚመጣ ሰው ያለ አልመሰለኝም» አልኩ።

ማሽን ለማለት ፈልጌ ነው። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ወንድሜ ከጠፋ ወዲህ ለእሱ ስል ያለቀስኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከፖሌግ ኪርያት ኖርዳው ሩቅ አይደለም፤ አውቶቡሱ ግን ያን ቀን አልደርስ አለኝ። በቀጥታ የሄድኩት የአያ ታከለ ልጅ ቤት ነው፤ ከእናቴ ሕንፃ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ። ዘመዶቹ ገብተዋል። ነጠላ ተዘቅዝቆ ሊለበስ ወንበር ላይ ተዘጋጅቷል። አያ ታከለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«አልመሰክርም» አልኩ ገና በሩ ላይ።

«ምን ሆንህ?»

«መሞቱን አላውቅም። አንተም አታውቅም። የማላውቀውን አልናገርም።»

«እኮ እናትህ እንዲሁ ትቃጠል?»

«ትጠብቅ አያ። መብቷ ነው።»

ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አያ ታከለ በእጁ ዝም አሰኛቸው። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ወረደ። «ተሳፈሪ ያልኋት እኮ እኔ ነኝ» አለ። «በብብቷ ይዤ። ይደርስብናል ያልኋት እኔ ነኝ። ያ ስልክ በጮኸ ቁጥር እኔንም ነው የሚጠራኝ።» ከዚያ ወዲያ አንገቱን አላቀናም። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት። ሃያ አራት ዓመት ያንን ይዞ መኖሩን አላውቅም ነበር።

እናቴ ቤት ስደርስ ገና ብርሃን ነበር። በሩ አይቆለፍም። ስልኩ አጠገብ ባለችው ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ የሻባት፣ የሰንበት ልብሷን ለብሳለች፣ በማክሰኞ።

«ነገ ጠዋት ነው አይዶል የሚመጡት?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል። ሳምንቱን ሙሉ የደወለ ሁሉ ሲለሰልስልኝ ሰነበተ። መስመሩ ተያዘ ስላቸው የሚቀየመኝ ጠፋ። መርዶ ሊያረዱኝ ነው አልሁ።» ጉልበቷን አሻሸች። «ወግ ነው፤ ተዘጋጅቼ ልቆይ ብዬ ታጠብሁ።»

«አይመጡም እማ። ውሸት ነበር። የምዋሽሽ እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ምን ልትይኝ ነበር?»

«አለቅስላችሁ ነበር» አለች። «ደከማችሁ እኮ ልጄ። ሰባት ቀን አልቅሼ ባሳረፍኋችሁ። ስልኩን ግን አልነቅለውም ነበር።»

እግሯ ስር ተቀመጥኩ። ፀጉሬን በጣቶቿ ስታበጥር ቆየች፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲያ አድርጋ አታውቅም። ከዚያ ስለ ፈንታሁን ጠየቅኳት። እኔ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ጠያቂ ስታጣ እሷም ማውራቱን ትታ ኖሯል። ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ ጎመን እንደማይበላ፣ እኔን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወንዝ ሲሻገር «ጆሮዬን አትንቀለው» እያለ እንደሚጮህ ነገረችኝ። ያን ዕለት ነው ወንድም እንዳለኝ የገባኝ።

በማግሥቱ ማንም አልመጣም። አያ ታከለ ብቻ ረፋዱ ላይ ብቻውን መጣ። ስልኩ ማዶ ተቀምጦ እስከ ምሳ አብሯት ጠበቀ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ረቡዕ እንዲያ ማድረግ ልማዱ ሆነ።

በሥራዬ ሕጉን ለወጥኩት። አሁን ዝም ያለ ማሽን «ሞቷል» አይባልም፤ «አልሰማነውም» ነው የሚባለው። ሥራው ለሌሎች ይሰጣል፣ ሥራ መቆም የለበትማ። ቦታው ግን አይጠፋበትም። የተመለሰ እንደሆነም ከመነካቱ በፊት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ይዘህ መጣህ?» ተብሎ ነው። በዚህ ምክንያት ሥራችን ትንሽ ዘገየ፤ ጊላድም አጉረምርሞ ተወው።

እናቴ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈች። እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ስልኩን አንሥታ አዳምጣለች። ቤቱ ሲለቀቅ ሚስቴ ዕቃ ስትከፋፍል እኔ የለመንኩት ያንን መስመር ብቻ ነው። ስንት ቢሮ ተመላልሼ፣ ስንት ፎርም ሞልቼ ወደ እኔ ቤት አዛወርኩት። ልጆቼ ለምን እንደማንነቅለው ያውቃሉ። ሲጮህ ተሽቀዳድመው ይሮጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ዕቃ ሻጭ ነው። እኔም ስልኩ ላይ ብዙ ሲያወሩ «ይብቃችሁ፣ መስመሩ ተያዘ» ስል ራሴን እሰማዋለሁ።

እናንተም ዘንድ ዝም ያለ ሰው ይኖር ይሆናል። ጠብቁት ብዬ አልመክራችሁም፤ መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ በእናቴ ጉልበት አይቻለሁ። የማታውቁትን ሞት ግን አትመስክሩ። እኔ ይናፍቀኛል፤ በቅጡ ያላወቅኩት ሰው እንዲህ ይናፍቃል ብዬ አላስብም ነበር። ሁመራም ሆነ መተማ፣ ሱዳንም ቢሆን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ ጎመን የማይበላ፣ ዛሬ ሽማግሌ ሊባል የደረሰ የወገራ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ይህንን ንገሩልኝ። እማ እስከ መጨረሻው ጠብቃሃለች በሉት። ቁጥሩም ያው ነው፣ አልቀየርነውም።